እሺ ይበልጣል ከሺ

ምስጋና ከተነፈጋቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎች መካከል የሥልጠና ክፍል ኃላፊውን የሚያህል የለም። አለቃው ከስብሰባ ወጥተው «ሌሎቹ የኦንላይን ሥልጠና ጀምረዋል፤ እኛስ?» ሲሉት፣ ችግሩ ምን እንደሆነ በመጠየቅ ፊታቸውን አያጠቁርም፤ ማስታወሻውን ገልጦ «እሺ፣ ለመቼ ይድረስ?» ይላል። ራሳቸውን አማካሪ ብለው የሚጠሩ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቹ ግን ሠራተኛው ያጎደለው ስላላወቀ ነው ወይስ መሣሪያ ስላጣ፣ ከሥልጠናው በኋላ ምን ሲሠራ ልናየው እንሻለን፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ስልክ ይማራል እያሉ ሰው ያደክማሉ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለውም እንዲህ ያሉ ነገር አብዢዎችን ለማስደሰት ሳይሆን አይቀርም።

ስሙን የማልጠቅሰውና እኔም ደንበኛው የሆንኩበት አንድ ባንክ በቅርንጫፎቹ ሰልፍ ሲረዝምበት፣ ይህ ጥበብ በሙላት ተገለጠ። ሰልፉ የሚረዝመው ኔትወርክ ስለሚቋረጥ መሆኑን በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ እንኳ ያውቃል፤ ኃላፊው ግን የታዘዘው የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና እንዲያዘጋጅ ነውና በማያገባው አልገባም። አዳማ ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን ሲነበብ የኖረውን ፓወር ፖይንት አንድ ቃል ሳይቀንስ ወደ ኮምፒውተር አሸጋገረው (ሳይሸጋገር የቀረው አበሉ ብቻ ነው፤ ሠራተኛውም ይህን አልዘነጋም)። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ ሙድል የተባለ የመማሪያ ሥርዓት መኖሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ነጻ ዕቃ ሪፖርት ላይ አይደምቅምና በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ተገዛ። ሥልጠናው የተጫነው በዚያው በሚቆራረጠው ኔትወርክ ላይ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከፋዮቹ የፈገግታን ጥቅም ለመማር እነርሱም በተራቸው ወረፋ ያዙ፤ በመጨረሻም አንድ ቀልጣፋ ልጅ «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ ለሁሉም እየተጫነ ገላገላቸው።

የኃላፊው ረቂቅነት ይበልጥ የሚታየው ግን ምዘናው ላይ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ማሳተም በጀመራቸው ጽሑፎች ሥልጠና በአራት ደረጃ ይመዘን ብሎ ነበር፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ዕውቀት ጨበጠ ወይ፣ አሠራሩን ለወጠ ወይ፣ ድርጅቱስ ምን ተጠቀመ። የእኛ ሰው አራቱንም የሚያስንቅ አንድ ጥያቄ አገኘ፤ «ጨረሰ ወይ?» የሚል። ሁሉም ጨርሰዋል። ሪፖርቱ በባለ ቀለም ግራፍ ቀረበ፣ አለቃው አጨበጨቡ፣ የምስክር ወረቀትም ታደለ።

ፍሬውን ባለፈው ሳምንት በዓይኔ አይቻለሁ። ከአንድ ሰዓት ሰልፍ በኋላ መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ ቀድሞ ቀና ብላ እንኳ የማታየኝ ገንዘብ ከፋይ በሞቀ ፈገግታ ተቀበለችኝና «ኔትወርክ የለም፣ ጋሼ» አለችኝ።