ለክቡር የጣራዬ ጠብታ

ከአባዱላ ሚኒባሴ ጣራ ሥር ያለ ኪራይ ለሚኖሩት ለአቶ ጠብታ፤

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ። የእኔን አይጠይቁኝ፤ በየሌሊቱ ግንባሬ ላይ ሲያርፉ ትኩሳቴን ይለኩት የለም?

የኋላ ወንበሮቹን ነቅዬ አልጋና የጋዝ ምድጃ ካስገባሁ ወዲህ ከኩታበር እስከ ወልድያ ስዞር «ብቻዬን ነው የምኖረው» እያልኩ ነበር። ወሎ ውስጥ ይህን ማስረዳት ቀላል እንዳይመስልዎ። ሐይቅ ዳር ባቆምኩ ቁጥር አንዲት እናት መስኮቱን አንኳኩተው «ብቻህን? አብሽር ልጄ፣ ቡናው ደርሷል» ይሉኛል፤ ከአቦል እስከ በረካ አስቀምጠውም የማገባበትን ወር ያስቆጥሩኛል። እሳቸው ግን ያንኳኳሉ። እርስዎ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት።

መጀመሪያ ዝናብ መስለውኝ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ደሴ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቧል፤ ማን ይፈርድብኛል? ጣራው ላይ ወጥቼ ስፌቱን ሁሉ በሲሊኮን ደፈንኩ። የዚያን ሌሊት ከነቤተ ዘመድዎ መጡ! ለካ የውጭ ሰው አይደሉም፤ የገዛ ትንፋሼ፣ የሽሮዬ እንፋሎት ነዎት። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ብርድ ላባርር እሳት ባነደድኩ ቁጥር ድግስ ስደግስልዎ ኖሬአለሁ። 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያደረ ቆርቆሮ የነካውን እንፋሎት ሁሉ ውኃ አድርጎ ይመልሰዋል። (መስኮት ዘግቶ ምድጃ ማንደድ ከእርስዎ የከፋ እንግዳ እንደሚጠራ የገባኝ ዘግይቶ ነው።)

ጣራውን ስፖንጅ አስለበስኩት። ሁለት ሳምንት ጠፉብኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ናፈቁኝ። ከዚያ ሽታው መጣ። ስፖንጁን ገንጥዬ ሳየው ከጀርባው ተደላድለው ቆርቆሮዬን ለዝገት ሲያጎርሱ ደረስኩብዎ።

በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ ሸሸሁ። 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚልና ሌሊቱ ለዘብ ስለሚል አልተከተሉኝም። ቦታዎን ግን ለወባ ትንኝ አከራይተውት ኖሯል። ተመለስኩ።

እንግዲህ እንደራደር። እኔ ሁለት መስኮት በጣት ስፋት ከፍቼ እተኛለሁ፤ ሽሮዬንም ከድኜ አበስላለሁ። ብርዱን እችለዋለሁ። እርስዎም መምጣትዎ ካልቀረ በእግሬ በኩል ይሁን፤ ወደ መሐል አልጋ በፍጹም። ባለፈው ሳምንት ያራሱትን አንሶላ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ላይ ዘርግቼ እኚያ እናት አዩት። አንሶላውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አብሽር ልጄ፣ ስታገባ ይተውሃል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የማታ ቡና ከአቦል አያሳልፉኝም።

አክባሪዎ፣
አከራይዎ