እንግዳው ሲተኛ መኪናውም ይተኛል

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ከአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ጋር ሻይ ስንጠጣ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሆቴሉ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ሊገጥም ነው። እሰየው። የመረጡት ግን አንድ ባለ 120 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ነው። አንድ! ለምን ስለው «እንግዳ መጠበቅ አይወድም» አለኝ። አልበቃውም፤ «ደግሞ በዚህ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ያደረ ባትሪ ይበላሻል» ብሎ ጨመረበት።

አቦ! ከሁለተኛው ልጀምር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባትሪን የሚያግለው በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ሲታጨቅበት ነው። ከአዋሽ ጀምሮ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ መኪና ድሬ ገብቶ ፈጣን ቻርጀር ላይ ሲሰካ፣ ራሱ መኪናው ባትሪውን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል። ማሽኑ ላይ 120 ተጽፏል፤ መኪናው ግን ግማሹን እንኳ ላይቀበል ይችላል። 80 በመቶ ካለፈ በኋላማ በማንኛውም አየር ይንቀራፈፋል። በዝግታ የሚሞላ ባትሪ ግን ብዙም አይግልም። ለባትሪ ያዘነ ሰው የሚገዛው ዝግተኛውን ነው።

ወደ «መጠበቅ አይወድም» እንምጣ። ሆቴል ሰው የሚያድርበት ቤት አይደለም እንዴ? እንግዳው ከምሽቱ 2 ሰዓት ይገባል። ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣል። 11 ሰዓት ሙሉ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር፣ ማለትም ባለ 32 አምፔር ሲንግል ፌዝ መስመር፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶውን ቢገባ እንኳ 9 ሰዓት ግድም ፈጅቶ ይሞላዋል። ታዲያ የጠበቀው ማነው? የሚጠብቀውስ ፈጣኑ ጋ የተሰለፈው ነው። ወይ እራቱን ትቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ ዘበኛው በእኩለ ሌሊት በሩን ያንኳኳበታል፦ «ጋሼ፣ መኪናዎን ያንሱልን፣ ሌላ ሰው አለ።»

ቁልቢን አስቡት። ታኅሣሥ 18 ማታ፣ ድሬ ላይ አልጋ የሚጠፋበት ቀን። ስምንት የኤሌክትሪክ መኪና ግቢው ውስጥ አለ እንበል። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ስምንት ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢወስድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ቢጀመር፣ የመጨረሻው ሰው ተራው ሲደርስ ሌሊት 7 ሰዓት አልፏል። ሊነጋ ምን ቀረው? ስምንት ባለ 7 ኪሎዋት ቢተከል ግን ሁሉም ሰክቶ ይተኛል። ያውም ድምሩ 56 ኪሎዋት ነው፤ ከአንዱ ፈጣን ግማሽ ያንሳል። የግቢውን የኤሌክትሪክ ጭነት እያዩ ኃይል የሚያከፋፍሉት ቻርጀሮች ደግሞ በየክፍሉ ኤሲ ሲበራ ቀንሰው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጨምራሉ። (ኤሲ ስል ማቀዝቀዣውን ነው። ዝግተኛው ቻርጀርም «ኤሲ» ይባላል፣ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ለማለት። ድሬ ላይ ይህን ማስረዳት ለብቻው ሥራ ነው።)

120 ኪሎዋት ሌላ ትራንስፎርመር ሊጠይቅ ይችላል። ደብዳቤው፣ ምልልሱ፣ ክፍያው። መብራት ሲጠፋስ? ናፍጣ ተሰልፈን ገዝተን በጄኔሬተር የኤሌክትሪክ መኪና እንሙላ?

አዋሽና ሚኤሶ ላይ ፈጣን ቻርጀር ቢተከል አጨበጭባለሁ። እዚያ ሰው አልፎ ሂያጅ ነው። ሆቴል ግቢ ውስጥ ግን ለታይታ ነው።

የሶኬቱ ነገር ደግሞ አለ። መንገዳችን ላይ የሚበዙት ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሚሰኩት በጂቢቲ፣ በቻይናው የሶኬት ዓይነት ነው። ሥራ አስኪያጁን «ማሽኑ ጂቢቲ አለው?» ስለው «የአውሮፓ ዕቃ ነው፣ አንደኛ ነው» አለኝ። የማይገባ ቁልፍ ወርቅ ቢሆን ምን ያደርጋል?

ዝግተኛ ስል ታዲያ ማራዘሚያ ገመድ ማለቴ አይደለም። አምና ድሬ ውስጥ ያረፍኩበት ሆቴል ከካውያ ቤቱ መስኮት ገመድ አውጥተው ሰጡኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወርጄ ሶኬቱን ስነካው እንደ ሰም ለስልሷል፤ ነጩ ቡናማ ሆኗል። ዘበኛው በፎጣ ይዞ ነቀለልኝ። መኪና ሲሞላ ለሰዓታት ያለ እረፍት ይስባል፤ ለካውያ የተዘረጋ ሽቦ ያንን አይችልም። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የምር የተቀበረ ግራውንድ ያስፈልገዋል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከዚያ ባለ 120 ጉድ ዋጋ አጠገብ አይደርስም።

ትናንት ለቁልቢ አልጋ ልያዝ ብዬ ሳቢያን ወዳለ አንድ ትንሽ ሆቴል ደወልኩ። ቻርጀር አላችሁ ወይ ስላት፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «የለንም ጋሼ» አለችኝ። «ግን ኤሌክትሪሻኑ ግቢው ግድግዳ ላይ ባለ 32 አምፔር መስመር አራት ቦታ አውጥቷል። ተንቀሳቃሽ ቻርጀርዎን ይዘው ይምጡ።»

ሁለት ሌሊት ያዝኩ።