አብሽር፣ ቦርጭ ነው!

ደሴ ውስጥ ሰው መክበሩ የሚታወቀው በባንክ ደብተሩ አይደለም። በቀበቶው ቀዳዳ ነው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ የለቀቀለት ሰው ፒያሳ ላይ ሲገኝ፣ ሰላም የሚለው ሁሉ እጁን ይዞ «ወላሂ አማረብህ! አሁን ገና ሰው መሰልክ!» ይለዋል። አምስት ኪሎ የቀነሰ ምስኪን ግን መንገድ አይወጣለትም። «ምነው? አመመህ እንዴ? ቤት ሰላም ነው?» እየተባለ፣ ሐዘን ሳይደርስበት ሲጽናና ይውላል። እኔ በዚህ ልማዳችን እኮራለሁ። ጤና በዓይን የሚታወቅ ከሆነ ላቦራቶሪ ለምን አስፈለገ?

ደግሞ ቦርጭ በቀላሉ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ልፋት አለው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ካልተጠነቀቁ ዝም ብላ ታከሳለች። ስለዚህ ከፒያሳ አራዳ በባጃጅ ነው። የጦሳ ተራራም ቢሆን የሚያምረው ከታች ሆነው ሲያዩት ነው። ጠዋት ዱለት አለ፣ ጨጓራና ጉበቱ በቅቤ። ከሰዓት ቁርጥ በአዋዜ። ማታ ደግሞ ቁርጡን የሚያወርድ ቢራ። ፋብሪካው ሐረጎን ወረድ ብሎ ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ ባንጠጣ ለጎረቤት ምን እንላለን?

ቢራ የማይቀምሰውም ወገናችን አልተረሳም። ወሎ አንዱን ጋብዞ ሌላውን አይተውም። በርጫው ላይ ለስላሳው ይደረደራል፤ ሻዩም ስኳር ይጨመርበታል ከማለት ስኳሩ ላይ ሻይ ጠብ ይደረግበታል ማለት ይቀላል። የስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ጉበት ፍሩክቶስን ሲያስተናግድ ያጠራቀመውን ጉልበት ባንዴ ያጠፋል፤ ከዚያ የሚተርፈው ደግሞ ዩሪክ አሲድ የሚባል፣ በሽንት መውጣት ያለበት ቆሻሻ ይሆናል። ሥጋውና ቢራውም ይህንኑ ያበዛሉ። እናም ሥጋ ቤት ያመሸውም፣ በርጫ የዋለውም አንድ ላቦራቶሪ በር ላይ ይገናኛሉ። ተቻችሎ መኖር ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወጉ የሚደምቀው። «የኔ 8 ነው አለኝ።» «ምን አላት! እኔ 9 ከነጥብ ነኝ።» ዩሪክ አሲዱ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ለወንድ ከ7 ሚሊ ግራም በላይ፣ ለሴት ከ6 በላይ ሲሆን ከፍ ብሏል ይባላል። ከ6.8 ሲያልፍ ደም ውስጥ መሟሟቱን ትቶ ወደ ጠጠርነት የመሄድ ዕድል ያገኛል። ጠጠሩ የእግር አውራ ጣት ላይ ሌሊት ሲቀሰቀስ አንሶላ እንኳ አያስነካም። ሪህ የሚባለው ይሄ ነው። ግን እሱም ቢሆን ክብር አለው፤ «የሀብታም በሽታ» ይባላል። ደሞዙ ከወር ወር የማይደርስ ሰው በሪህ እንኳ ከባለጸጋ ጎራ ሲሰለፍ ማን ይጠላል?

ጥፋተኛ ፍለጋው ላይ ደግሞ ፍርዳችን የተመሰከረለት ነው። ማን ጥፋተኛ ሆነ? ምስር! ሰውየው ሽሮውንና ምስሩን ከቤት ያባርርና ጥብሱን ያስቀራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን 12 ዓመት ተከታትሎ፣ ሥጋ የሚያበዛ ሰው በሪህ የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምር አይቷል። ምስርና አተርን የመሳሰሉትን ግን በነጻ አሰናብቷቸዋል። እኛ ይግባኝ ብለናል።

ዩሪክ አሲድ እንደ ሙሽራ ነው፤ ሚዜ ሳያስከትል አይመጣም። ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም ለሚሉት፣ ተጠራርተው ለሚመጡ የጤና ችግሮች ስብስብ፣ 5 መስፈርት አላቸው። የሰፋ ወገብ፣ 130 በ85 የደረሰ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ 100 የደረሰ ስኳር፣ 150 የደረሰ ትራይግሊሰራይድ የሚሉት የደም ስብ፣ ዝቅ ያለ ደጉ ኮሌስትሮል። 3ቱን ያሟላ አለፈ። ዩሪክ አሲድ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ግን ከነሱ አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። ቦርጭ ሲገፋ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል። ቆሽት ይብስበታል፣ ኢንሱሊኑን ያበዛዋል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኩላሊትን «ዩሪክ አሲዱን በሽንት አታስወጣ፣ መልሰው» ይለዋል። ኩላሊትም ታዛዥ ነው፣ ይመልሳል። እኛ ግን ስለ ምስር እንከራከራለን። ዩሪክ አሲዱ ጣጣውን አምጪ ነው ወይስ አብሮ መጪ? ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙበትም። የኛ ጠረጴዛ ግን በሁለተኛው ዙር ቢራ ላይ ወስኖ ጨርሷል።

ከላቦራቶሪው ቀድሞ የሚያውቀው ልብስ ሰፊው ነው። ሜትሩን በወገብ ዙሪያ ያስኬዳል፣ ጫፍ ከጫፍ አልገናኝ ሲለው ትንፋሹን ይሰበስባል፣ በጠመኔ ያሰምራል። «ወገቡን ልልቀቀው?» ይላል በትህትና። «ልቀቀው፤ ለመጪውም ጨርቅ ተውለት» ይላል ደንበኛው፣ ደረቱን ነፍቶ። በሜትሩ ላይ 94 ለወንድ፣ 80 ለሴት የማስጠንቀቂያ መስመር እንደሆነ ለልብስ ሰፊው የነገረው የለም። ቢነገረውም ደንበኛ አያባርርም።

ኪኒን? እሱም አለ። ጓደኛ ለጓደኛ ይበደራል፣ ሲያም ይዋጣል፣ ሲሻል ይተዋል። የማስታገሻው ብዛት ኩላሊት እንደሚጎዳ የሚያወራ ሰው ጨዋታ አጥፊ ይባላል።

ታማሚው ጣቱ አብጦ ቤት ሲውል ደግሞ ያገሬ ሰው ደግነት ይታያል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ማንጎ ጭማቂ፣ አንዱ ለስላሳ በሳጥን፣ እህቱ ጉበት ጥብስ በሰሃን ይዛ። ታማሚው አንድ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ «ሐኪሙ እኮ…» ሲል ክፍሉ ባንድ ድምፅ ይነሳበታል።

«አብሽር! ብላ እንጂ፣ ከስተህብናል!»