ለችግኝ ቆጣሪዎች የቀረበ ውዳሴ

የከተማ ሹማምንት ከሚታሙባቸው ብዙ ነገሮች አንዱን ልከላከልላቸው ተነሥቻለሁ፤ እርሱም ነባሩን ዛፍ በመጋዝ አስገንድሶ በምትኩ ዐሥር ችግኝ በካሜራ ፊት የመትከል ልማድ ነው። ሐሜተኞች ይህን ጥፋት ይሉታል። ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ግን አንድ ጠፍቶ ዐሥር ሲገኝ ዘጠኝ ተርፏል።

በርግጥ ነባሩ ዛፍ ሰፊ ጥላ ነበረው። በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ እያተነነ አስፋልትና ግድግዳ ያጋሉትን አየር ያቀዘቅዝ፣ አቧራውን ይይዝ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድም ውሃውን በቅርንጫፎቹ አዘግይቶ ወደ አፈሩ እያሰረገ የጎርፍ ማፋሰሻውን ሸክም ያቃልል ነበር። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሲሠራ አንድም ቀን ሪፖርት አላቀረበም። ያስተከለውም ሹም ከሥልጣን ከወረደ ቆይቷል፤ ሌላው ባስተከለው ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ንግግር ማድረግ ደግሞ ለማንም ክብር አይጨምርም። ችግኝ ግን ትሑት ነው፤ ቁመቱ ከተካዩ ጉልበት ስለማያልፍ ፎቶግራፍ ላይ ማንንም አይጋርድም።

የአተካከሉ ሥርዓትም ሊመሰገን ይገባዋል። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ዙሪያው በከባድ ተሽከርካሪ ተጠቅጥቆ የደደረ አፈር ነው። ችግኙ ከነፕላስቲኩ ይቀበራል፤ ምናልባት ሥሩን እንዳይበርደው ታስቦ ይሆናል። ከዚያም ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ይነጠፋል። ባለሙያዎች ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም እንደሚሻ፣ አብዛኛው የዛፍ ሥር ወደ ታች ከመጥለቅ ይልቅ በላይኛው አፈር ውስጥ ወደ ጎን እንደሚዘረጋ፣ ለጋ ዛፍም ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዓመታት ውሃ የሚያጠጣው ሰው እንደሚያስፈልገው ይናገራሉ። እነዚህ ሰዎች የተከላ ዘመቻ ምን ያህል እንደሚያደክም አያውቁም። ለባነር፣ ለቲሸርትና ለድምፅ ማጉያ የተመደበው በጀት የሚያልቀው በዕለቱ ስለሆነ፣ ውሃ የማጠጣቱን ነገር ለሰማይ መተው ፍትሐዊ የሥራ ክፍፍል ነው።

ስለ ውበትም እናንሣ። አስተዋዩ ሹም ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ያስተክላል። ፍራንክ ሳንታሞር የተባለ አሜሪካዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ምክር፣ በአንድ ከተማ ካሉት ዛፎች ከአንድ ዝርያ 10 በመቶ፣ ከአንድ ወገን (ከተቀራራቢ ዝርያዎች ስብስብ) 20 በመቶ፣ ወገኖችን ከሚያቅፍ ከአንድ የዕፀዋት ቤተሰብ ደግሞ 30 በመቶ በላይ እንዳይተከል አሳስቦ ነበር። ለሥጋቱ ምክንያት አለው። የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ኤልም የተባለውን የጎዳና ዛፍ ፈንገስ ከጨረሰባቸው በኋላ በብዙ ቦታ አሽ የተባለውን በገፍ ተከሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ከእስያ የገባች አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ በዲትሮይት አካባቢ ተገኘችና በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አሽ ፈጀች። ጥንዚዛዋ ምን አጠፋች? ማዕዷን በረድፍ አሰልፎ የጠበቃት ማን ሆነና። ለዘመቻ ወዳዱ ሹም ደግሞ መንገዱ በሙሉ በአንዴ መድረቁ ለሌላ ታላቅ የተከላ ቀን በር ይከፍታል።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት ግን ረጅም ዕቅድ የሚወዱ ናቸው። የአውስትራሊያዋ ከተማ ሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው የከተማ ደን ስትራቴጂ፣ በሕዝብ ይዞታዋ ላይ ያለውን የዛፍ ጥላ ሽፋን ከ22 በመቶ አንሥታ እ.ኤ.አ. በ2040 ወደ 40 በመቶ ለማድረስ አቅዳለች። ሃያ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው! ውጤቱ ለማን ምርጫ ይደርሳል? ሆላንዳዊው የከተማ ደን ምሁር ሴሲል ኮናይነንዳይክም እ.ኤ.አ. በ2021 ሌላ መለኪያ አመጣ፤ ማንኛውም ነዋሪ ከቤቱ ሆኖ ቢያንስ 3 ዛፎች ይታዩት፣ ሰፈሩ 30 በመቶ የዛፍ ጥላ ይኑረው፣ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥም መናፈሻ ያግኝ ይላል። የዚህ መለኪያ ጭካኔ ግልጽ ነው፤ ነዋሪው በገዛ መስኮቱ ብቅ ብሎ ሪፖርቱን ሊያጣራ ነው። ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ስንት ሰው ወጣ፣ ስንት እንግዳ ተገኘ የሚለው ሁሉ እዚያ ዋጋ የለውም፤ የሚቆጠረው ቆሞ ያለው ዛፍ ብቻ ነው።

የደረቁትስ ችግኞች የሚል ጠያቂ አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው የአሠራሩ ጥበብ የሚገለጠው። ችግኙ ቢደርቅም ጉድጓዱ በቦታው አለ፤ የሚቀጥለው ዓመት ችግኝ እዚያው ይገባና በድምሩ ላይ እንደ ሁለተኛ ዛፍ ይመዘገባል፤ ከዚያም ሦስተኛው ይከተላል። በአንድ ሹም የአምስት ዓመት ዘመን አንዲት የክንድ ስፋት ጉድጓድ አምስት ዛፍ ታስመዘግባለች፤ ይህን ያህል ምርታማ መሬት በየትኛውም ጫካ አይገኝም።