ሪክ ራይትን «አጃቢ» ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ የሙዚቃ ተንታኝ ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ ሲያወራ «ባንዱ ማለት ዋተርስና ጊልሞር ናቸው፤ ኪቦርዱን ማንም ይጫወተው ነበር» ሲል ሰማሁ (ዋተርስ ቤዝ ተጫዋቹና ግጥም ጸሐፊው፣ ጊልሞር ጊታሪስቱ ናቸው)። ማስረጃው ደግሞ የኪቦርዱ ተጫዋች ሪቻርድ (ሪክ) ራይት እ.ኤ.አ. በ1979 ከባንዱ መባረሩ ነው። ቢያስፈልጋቸው ኖሮ አያባርሩትም ነበር አለ። ይሄን ሰምቶ ዝም ማለት አይቻልም።

እስቲ ከመባረሩ እንጀምር። «ዘ ዎል» የተባለው አልበም እየተቀዳ ሳለ ዋተርስ ራይት ይውጣ ብሎ ሙጭጭ አለ። ራይትም ወጣ። ከዚያስ? በ1980 እና 81 ያንኑ አልበም ይዘው መድረክ ሲወጡ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ራሱ ራይት ነው፣ በደመወዝ ተቀጥሮ! ማንም ይጫወተዋል የተባለውን ኪቦርድ ያንኑ ያባረሩትን ሰውዬ አስጫወቱት። ትርኢቱ ወጪው ከባድ ስለነበር ሦስቱ የባንዱ ባለቤቶች ሲከስሩ፣ ገንዘብ ይዞ የገባው ቅጥረኛው ብቻ ነው። እሰይ፣ ደግ አደረገ።

ለ«ዘ ዎል» ብዙ አላዋጣም፣ ይሄን አልክድም። ትዳሩ እየፈረሰበት ነበር። ታዲያ የሰው የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ክፉ ዓመት ይመዘናል?

አሁን የባንዱን ዘፈን «ኤኮስ»ን ክፈቱት። የ1971 ሥራ ነው፣ 23 ደቂቃ ገደማ። መጀመሪያ ጸጥታ ነው። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ጠብ ትላለች። ዝም። ደግሞ ጠብ። ፒያኖ ነው፤ በሚሽከረከር ስፒከር ውስጥ ስላለፈ ነው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣው። አንድ ጣት፣ አንድ ቁልፍ። መምታቱንማ ሕፃን ልጅም ይመታዋል። ግን በዚያ ዘመን፣ ሌሎቹ የሮክ ኪቦርድ ተጫዋቾች በፍጥነት በሚፎካከሩበትና መድረኩን በመሣሪያ በሚሞሉበት ጊዜ፣ እዚህ ጋ አንዲት ድምፅ ትበቃለች ብሎ እጁን የሰበሰበ ማን ነበር? የራይት ችሎታ እሱ ነው። መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል። ጊታሩ ያን ያህል የሚያምረው እኮ ከሥሩ ራይት ሰፊ ሜዳ ስላነጠፈለት ነው፤ ሜዳውን ውሰዱትና ጊልሞር የት ቆሞ እንደሚጫወት አሳዩኝ።

«አስ ኤንድ ዜም»ን ደግሞ አስቡት። ራይት መጀመሪያ ለፊልም ነበር የሠራው፤ ዳይሬክተሩ አንቶኒዮኒ በጣም ያሳዝናል ብሎ መለሰው። በ1973 «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ላይ ገባ። ግጥሙ የዋተርስ ነው፣ እሺ። ልብን የሚይዘው ግን ከግጥሙ በፊት የሚመጣው ኦርጋን ነው። እዚያው አልበም ላይ «ብሪዝ» ውስጥ ያለችውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ከጃዝ ሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንዳገኛት ራሱ ተናግሯል። ጃዝን በሮክ ውስጥ እንዲህ ሳይታወቅ የሚያስገባ «ማንም» ካለ አምጡልኝ።

ራይት የሌለበት የፍሎይድ አልበም አንድ ብቻ ነው፣ የ1983ቱ «ዘ ፋይናል ከት»። አድምጡት። ግጥሙም አለ፣ ጊታሩም አለ። እኔን ግን በሰማሁት ቁጥር ክፍሉ ይጠብብኛል።

ራይት በ2008 በ65 ዓመቱ ሞተ። በ2016 ጊልሞር ጣሊያን ወዳለችው ጥንታዊት ከተማ ፖምፔይ ተመልሶ ተጫወተ፤ ባንዱ በ1971 ባዶ ቲያትር ውስጥ «ኤኮስ»ን ሲጫወት የተቀረጸበት ቦታ ነው። ሕዝቡ ያን ዘፈን መጠበቁ አይቀርም። አልተጫወተውም። ያለ ሪክ አላደርገውም ብሏል። ሁለት ጎበዝ ኪቦርድ ተጫዋቾች ከጎኑ ቆመው ነበር፤ ያቺን አንዲት ድምፅ መምታት አቅቷቸው አይደለም።