ጉሮሮ ይረፍ

በገዛ ጉሮሮ መዝፈን ኋላ ቀርነት መሆኑን የደሴ መድረክ ተረድቶታል፤ እግዜር ይስጠው። የተቀዳ ዘፈን ከፍቶ ከንፈር ማላወስ፣ ፕሌይባክ እያለ ማን ይላባል? ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው፤ ይህን ያህል ያዋጣ አገር ከእንግዲህ አረፍ ቢል ማን ይፈርድበታል? ዛሬም በድቤና በጭብጨባ ሌሊቱን በራሳቸው ድምፅ የሚደክሙት መንዙማ አውጪዎቹ ብቻ ናቸው። ፍላሽ መግዣ አጥተው ይሆናል።

ባለፈው ሰሞን አንድ የቲያትር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውን የሆሊውድ ፊልም «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን በአማርኛ መድረክ ላይ አሳየን። ለንደኖች በ1983 ነው ከፊልም ወደ መድረክ ያመጡት፤ እኛ 40 ዓመት አለፍ ብለን ደረስንበት። ዝናቡ ከተበሳ ጀሪካን ይወርዳል (ውጭ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም በነፃ ያካፋ ነበር)። ዋናው ተዋናይ ባንድ እጁ ጃንጥላ፣ ባንድ እጁ ማይክ ይዞ ሲዘል ማይኩ አመለጠውና እስከ ፊተኛው ወንበር ተንከባለለ። ድምፁ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ከፍ አለ! አጠገቤ የነበሩ እናት «ማሻአላህ! ምን ዓይነት ሳንባ ነው የሰጠው!» አሉ።

ምቀኛ የፊልሙን ታሪክ ያነሳ ይሆናል። ድምፅ አልባው ፊልም ቀርቶ ባለድምፁ ሲመጣ፣ ድምፀ ሻካራዋ ኮከብ ሊና ላሞንት ከመጋረጃ ጀርባ በምትዘፍንላት በኬቲ ድምፅ ከንፈሯን ስታላውስ መጋረጃው ይከፈትና ጉዷ ይወጣል። እሺ፣ ፊልሙ ራሱስ? ኬቲ ለሊና ስትዘፍንላት የምናየውን «ዉድ ዩ» የተባለ ዘፈን ኬቲን ሆና የሠራችው ዴቢ ሬይኖልድስ አልዘፈነችውም። የዘፈነችላት ቤቲ ኖይስ ናት! ሆሊውድ አስመሳይን ሲያጋልጥ እንኳ ካስመሰለ፣ የኛዎቹ በምን ዕዳቸው ጉሮሯቸውን ያቆስላሉ?

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ሊና ከፊት ከንፈሯን ታላውሳለች። መጋረጃው ተከፈተ፤ ኬቲም ከኋላ ከንፈሯን ታላውሳለች። ገመድ ሳቢው ልጅ ጭብጨባው አሙቆት ነው መሰለኝ የኋለኛውንም መጋረጃ ሳበው። ላፕቶፕ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆሎ የሚቆረጥም ጎረምሳ ብቅ አለ። ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። አፉ ውስጥ ያለውን ቆሎ እንደምንም ዋጠና እሱም ከንፈሩን ያላውስ ጀመር።