የተቆለፈው ስልክ

«የዘንድሮ ጎረምሳ ሰነፍ ነው፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። አልስማማም። እኔ በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። የቤታችን ስልክ መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ነበረው፤ መክፈቻው አባባ ኪስ። እኛ መቼ እናርፋለን! እጀታው የሚያርፍበትን ጠቅ ጠቅ እያደረግን ቁጥሩን እንመታው ነበር። ከዚያ የምንደውልላት ልጅ አባት «ሃሎ» ሲሉ ጆሯቸው ላይ ጥርቅም! የኔ ልጅ በቴሌግራም አልጋዋ ላይ ተጋድማ ታወራለች። ቀናሁ፣ አልዋሽም።

በፈተናው ግን አልቀናም። እኛ 12ኛ ክፍልን የተፈተንነው ከቤታችን እየተመላለስን ነው። የወንድሜ ልጅ በጥቅምት 2015 ብርድ ልብሱን ተሸክሞ፣ ስልክ ሳይዝ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተፈተነ። እናቱ እስኪመለስ እህል አልቀመሰችም።